ሮይስ የበተነው የጨረቃ መጽሐፍ

ሮይስ ሃልቶም ያን መጽሐፍ የበተነው በቀን በብርሃን፣ በጠፈር ዕቃ ሰብሳቢዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ጨረቃን ዞረው የተመለሱ ሦስት ሰዎች በከዋክብት አቅጣጫቸውን ያስተካክሉበት የነበረ መመሪያ ነው፤ ከአንደኛው ጠፈርተኛ ልጆች ላይ ገዛው። ቅጠሎቹን የያዙትን ሦስት የብረት ቀለበቶች ቀጭ ቀጭ አድርጎ ከፈተና ቅጠሉን አንድ በአንድ እየመዘዘ፣ «ጨረቃ ደርሶ የመጣ ወረቀት! የጨረቃ ወረቀት!» እያለ እንደ በግ ብልት አከፋፈለው። ከሂዩስተን በስተደቡብ፣ የጠፈር ዕቃ በሚሰበስቡት ሰዎች ዘንድ፣ ይህ ነውር አይደለም። ሙሉ መጽሐፍ ለአንድ ሰው ነው የሚሸጠው፤ ሲበተን ግን ለሁሉም ይዳረሳል፤ ነጋዴውም ይሰባል።

ዴልበርት ክሬኔክ ከኋላ ተቀምጦ ያይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት አየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን የኖረ፣ ትምህርቱን ከመንገድ ያቋረጠ ሰው ነው። አባል ልሁን ብሎ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን ሮይስ በር ላይ ተቀብሎት፣ «ጎሽ፣ ደረስክልን! የተበላሸው ማቀዝቀዣ በጓሮ በኩል ነው» ብሎት ነበር። ሰው ሳቀ። ዴልበርት ዞረና ማሽኑን ጠገነው፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ መጥቶ መሐል ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ዘመን አለፈ፤ ሳቁ ግን ከጆሮው አልወጣም። ሰው የመታውን ሊረሳ ይችላል፤ የሳቀበትን ግን አይረሳም።

ሽያጩ ሲያበቃ ጠረጴዛው ላይ ባዶው ሽፋንና ቀለበቶቹ ብቻ ቀሩ።

«ይህን ኮተት ማን ይወስድልኛል?» አለ ሮይስ።

«ለእኔ ስጠኝ» አለ ዴልበርት።

«ምን ልታደርግበት? ደረሰኝህን ልታስርበት?»

«ልመልሰው።»

«ምኑን?»

«የበተንከውን።»

ሮይስ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

የመጀመሪያውን ቅጠል ዴልበርት ያገኘው አንድ የጥርስ ሐኪም ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ሌላውን በጀልባው ለወጠ። አንዱ ባለ ቅጠል ማቀዝቀዣዬን ካልጠገንክልኝ አልሰጥም አለው፤ ጠገነለት። ከጋልቬስተን ማዶ ያለች አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ «ባሌ ሲገዛው እንኳ እየቆጨው ነበር፤ ውሰደውና ቤቱ ይግባ» ብላ በነጻ ሰጠችው። ጀልባዋ ተጎትታ ስትወጣ ሚስቱ ኔልዳ በረንዳ ላይ ቆማ አየቻት።

«ለመጽሐፉ ብለህ ነው ወይስ ለሮይስ?»

«ለሁለቱም።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!» አለችና በሩን ዘጋችው።

አልተሳሳተችም። ዴልበርት ግን ሳሉን የሚያፍን ሌባ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ቅጠል ብቻ ቀረ፤ የመመለሻው ቅጠል። ሦስቱ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ምድር ሲያዞሩ በየትኛው ኮከብ እንደሚመሩ የሚናገረው እሱ ነው፤ ከጎኑም አንዳቸው ወደ ቤት ሲመለስ በእርሳስ የጫረው ቁጥር አለበት። ሮይስ ያንን ለራሱ አስቀርቶ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

አንድ ቅዳሜ ሮይስ ራሱ ዴልበርት ጋራዥ ድረስ መጣ።

«ዴል፣ ወዳጄ፣ ተነጋግረን እንጨርስ። ዛሬ ዛሬ ሙሉ መጽሐፍ ፈላጊው በዝቷል። ያለህን ሽጥልኝ።»

«አንተ ያችን አንዷን ሽጥልኝ።»

«እሷማ አትሞከርም! እሷ እኔ ዘንድ እስካለች ያንተ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ደግሞ ማን ይገዛሃል?»

«የምሸጠው መች አለኝ።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው፣ ልትበላው?»

«አንተ ሁለተኛ እንዳትበላው ላደርግ ነው።»

«ኧረ ይሄን ምላስ ከየት አመጣኸው?»

«ከጣራ ላይ። ማቀዝቀዣ ስጠግን ስኖር ቁልቁል ያየሁህ ከዚያ ነው፤ ከዚያ ሲያዩህ ራሰ በራነትህ ብቻ ነው የሚታየው።»

ሮይስ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

የማኅበሩ ዓመታዊ ትርኢት ደረሰ። በር ላይ ሥጋ ይጠበሳል፣ ውስጥ ሰው ይጋፋል። ዴልበርት መጽሐፉን ጎዶሎው ቦታ ላይ ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በጠፋው ቅጠል ፋንታ ነጭ ወረቀት አስገብቶ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «የዚህ ቦታ ቅጠል በሮይስ ሃልቶም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።» ሌላ ምንም የለበትም። ስድብ የለው፣ ልመና የለው።

ሰው ከበበው። ጆሮው የደከመ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ አነበበውና ወደ ሮይስ ጠረጴዛ አቀና።

«ሮይስ! ለአንዲት ወረቀት ነው እንዴ ሰውየውን እንዲህ የምታንከራትተው?»

«ለእፍኝ ባቄላ ከምትጣላው ሴትዮ ብሰሃል!» አለ ሌላው፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ባይታወቅም ሰው ሳቀ። ዘንድሮ ሳቁ በሮይስ ላይ ነበር።

ሮይስ ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ።

«ስሜን ከዚያ ላይ አንሳ!»

«ቅጠሉ ሲመጣ ይነሣል።»

«እከስሃለሁ!»

«ውሸት ካለበት ክሰሰኝ።»

የሮይስ ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ወጥቶ ሄደ፤ ሲመለስ ፍሬሙን ታቅፎ ነበር፤ በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደ። «ወዳጆቼ! ለታሪክ ስል፣ ያለ አንዳች ዋጋ፣ ይህን ቅጠል ለዴልበርት እሰጣለሁ!» ተጨበጨበለት። ፍሬሙን ሲያስረክብ ደግሞ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «መቼም ማመስገን ታውቅበታለህ» አለው።

ዴልበርት አላመሰገነም። ፍሬሙን በደረቱ ደፋው፣ የኋላውን ካርቶን በሰንጢ ፈልቅቆ ቅጠሉን አወጣ። ቅጠሉን ከቀለበቶቹ አጠገብ አስጠጋው።

ቀዳዳ የለውም። ቀለበቶቹ የሚያልፉበት ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በምላጭ ተቆርጦ ተጥሏል፣ በፍሬሙ ልክ እንዲሆን።

ሰው አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሁሉም ሰው ይቆርጣል» አለ ሮይስ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ቀዳዳ ግድግዳ ላይ አያምርም።»

«እንደገና ይበሳላ!» አለ ሽማግሌው።

«አዎ! መብሻ አለኝ፣ አሁኑኑ!» ሮይስ ነፍስ ዘራ። «ማንም አያውቅም፣ ዴል። እንደ ሙሉ ይሸጣል።»

አዲሱ ቀዳዳ የሚያርፈው በእርሳስ በተጫረው ቁጥር ላይ ነበር።

«ይህን ወረቀት የሚነካ እጅ ካለ እሰብረዋለሁ» አለ ዴልበርት፣ ሳይጮህ።

ነጩን ወረቀት ነቅሎ ቅጠሉን ሳያያይዘው በቦታው አጋደመውና ቀለበቶቹን ቀጭ አድርጎ ዘጋቸው።

«ይወድቃል እኮ» አለ ሽማግሌው።

«ይውደቅ። መጽሐፉን የከፈተ ሁሉ ጭኑ ላይ ይውደቅበት። ያን ጊዜ ማን ቆረጠው ብሎ ይጠይቃል።»

«ባይጠይቅስ?» አለ ሮይስ።

«እኔ አለሁ።»

አሁን ገና ከደጅ የገባች ሴትዮ መጽሐፉን ብድግ አድርጋ ገለጠችው። ቅጠሉ ተንሸራትቶ መዳፏ ላይ አረፈ።

«ውይ! ይቺ ለምን አልተያያዘችም?»

ዴልበርት ወንበር ሳበላት። ሮይስ ከፊቱ እንደቆመ ነው፤ ዴልበርት ግን ድምፁን አልቀነሰም።

«ተቀመጪ» አላት፤ «ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»