ከአንድ ወር ጀምሮ

«አምስት በይ» አሉ የባርኮት እናት ወይዘሮ ዓመለወርቅ።

ባርኮት የአባቷን የሕይወት ታሪክ እየጻፈች ነበር። በቀብሩ ዕለት ዝናቡ አላስነብብ ስላለ ለሦስተኛው ቀን ተላልፏል። «የአራት ልጆች አባት» ከሚለው ቀጥላ «እና አንድ ያሳደጉት» ብላ ጨመረች። የአክስቷ ልጅ ቢኒ እዚሁ ቤት ነው ያደገው።

ሲነበብላቸው እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢኒንማ የወለደችው አለች። የወለድኩትን ነው የምልሽ።»

ይህን እንዳሉ ከሻንቶ የመጡ ለቀስተኞች እያለቀሱ ገቡ። ባርኮት ተነሥታ ንፍሮ አዞረች። አንዲት ሴትዮ እጇን ይዛ «አይዞሽ፣ አንቺ በኩሯ ነሽ፤ ጠንከር በይ» አለቻት። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ሲባል ነው የሰማችው።

እንግዶቹ ወደ ድንኳኑ ሲወጡ እናቷ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

«ከአንቺ በፊት ነው። ቃለሕይወት ይባላል። ወር ከሦስት ቀን ኖረ፤ ትኩሳት ወሰደው።»

«ለምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ፣ እማ?»

«አባትሽ ነው። ‹የምትክ ልጅ ነኝ እያለች እንዳታድግ› አለ።»

አባቷ አቶ ቦልቴ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምሩ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውን ኦሪት ዘኍልቍን ይወዱት ነበር። ባርኮት በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ምዕራፍ ሦስትን ደጋግመው ሲያስነብቧት «አባዬ፣ ቁጥር ብቻ!» ብላ ተነጫንጫባቸዋለች።

«በምዕራፍ አንድ ከሃያ ዓመት በላይ ያለው ወንድ ተቆጠረ። ለምን?»

«ጦር ስለሚይዝ።»

«እዚህ ደግሞ የሌዊ ልጅ ከአንድ ወር ጀምሮ ተቆጠረ። በኵሩም እንደዚሁ። የወር ሕፃን ምን ይይዛል?»

«ጡት!»

በጣም ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሳቁ የተነሣ መስሏት ነበር።

«ምንም አይሠራም፣ ልጄ። የጌታ ስለሆነ ብቻ ተቆጠረ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ታሪኩን በድንኳኑ የሚያነቡት ወንጌላዊ ሰብስቤ ጽሑፉን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰው የሚያውቀው አራት ነው። አምስት ብዬ ባነብ ከውጭ የወለዱ ይመስለዋል። የዚህን ድንኳን ምላስ ታውቂዋለሽ።»

«ዕድሜውን አብረው ያንብቡት።»

«ወር ከሦስት ቀን ብዬ? ይኼ ይቆጠራል እንዴ፣ ባርኮት?»

ለትልቅ ሰው መልሳ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲም ፕረዘንቴሽን በመጣ ቁጥር ታምማለች።

«ዘኍልቍ ሦስት ላይ ይቆጠራል» አለች መሬት መሬት እያየች። «አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

ወንጌላዊው «እንግዲያው አንቺ አንብቢው» ብለው ወረቀቱን መለሱላት።

ድንኳኑ ሞልቷል። ልጆቹ ስማቸው ሲጠራ እንዲቆሙ ተነግሯቸዋል። ባርኮት ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀና ሳትል አነበበች።

«አቶ ቦልቴ የአምስት ልጆች አባት ነበሩ።»

ከኋላ ማንሾካሾክ ተሰማ።

«የመጀመሪያው ቃለሕይወት ቦልቴ ነው። ወር ከሦስት ቀን ኖሯል።»

ማንሾካሾኩ ቆመ። ከፊት ወንበር ወይዘሮ ዓመለወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ብቻቸውን ቆሙ።

ባርኮት እስኪቀመጡ ጠበቀች። ከዚያ ሁለተኛውን፣ የራሷን ስም አነበበች።