የእሁዱ ግድግዳ

ሰዓት ሠሪው ፎቶ ማንሳት የጀመረው በአርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያውም በሰው ካሜራ። ግንበኛው ጓደኛው ከአባቱ የወረሰውን ካሜራ "እስቲ ይህን ነገር እየው፣ ሞቷል መሰለኝ" ብሎ አመጣለት። ፈታው፣ ጠረገው፣ የደረቀውን ዘይት አወጣለት፤ በሦስተኛው ቀን ቀጭ ሲልለት ግን መመለሱ ጨነቀው። ግንበኛው ሳቀበት። "ውሰደው በቃ! እንዲህ ዓይንህ እየተንከራተተ እንዴት ብዬ እቀማሃለሁ? እኔ እንደሆንኩ የማነሳው ድንጋይ ብቻ ነው" አለው።

ይህን ግንበኛ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው "ውኃልክ" በሚል ቅጽል ነው። ያቺ የግንበኞች ውኃ ልክ ከኪሱ አትጠፋም። ሻይ ቤት ገብቶ እንኳ ጠረጴዛው ዘመመ ብሎ አስተናጋጁን ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። ከካሜራው ወዲህ ሁለቱ እጅና ጓንት ሆኑ። ፊልም የሚታጠብበትን ጨለማ ክፍል ከሰዓት ቤቱ ጀርባ የሠራለት ውኃልክ ራሱ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን አታስገባም። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ይታጎራሉ፣ በቀይ መብራት ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ይነክራሉ፣ ምስሉ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ውኃልክ ሁልጊዜ "ወይ ጉድ!" ይላል። መቶ ጊዜ አይቶም ወይ ጉድ ነው።

ሰዓት ሠሪውማ ጭራሽ ለየለት። "በስልክህ ብታነሳ ምን አለበት? ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?" ለሚሉት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከተማውን ለቅቆ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ጊዜው ያለፈበት ፊልም በካርቶን ሙሉ ሲሰጠው፣ ሰውየው ልጅ የተወለደለት መሰለ። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ መከረው፦ "አሮጌ ፊልም እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ የምታውቀውን ነገር አንሳበት፤ ጠባዩን የምታውቀው ያኔ ነው።"

የሚያውቀው ነገር ደግሞ ከፊቱ ነበር። ሰዓት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበረንዳው ላይ ሲቆሙ ከመንገዱ ማዶ የታላቅ እህቱ ልብስ ስፌት ቤት ይታያል፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ደግሞ ኮረብታውን ደግፎ የያዘው ረጅም የድንጋይ ግድግዳ፣ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ። ግድግዳውን ከሁለት ዓመት በፊት የገነባው ውኃልክ ነው። "የኔን ግድግዳ አንሳ እንጂ! ከዚህ የተሻለ ቀጥ ያለ ነገር ከየት ታገኛለህ?" አለና፣ የካሜራው ሦስት እግሮች ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዲቆሙ የበረንዳውን ሲሚንቶ በገዛ እጁ ሦስት ቦታ በሳለት። እናም በየእሁዱ፣ ጠዋት፣ አዲስ ፊልም ይገባል፤ የመጀመሪያዋ ፎቶ የግድግዳው ናት። ሠላሳ አንድ እሁድ እንዲህ ሄደ።

በሠላሳ አንደኛው ሳምንት፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ ብሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ሰዓት ሠሪው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊልም ቆርጦ አንዱን ባንዱ ላይ ደረበና መብራት ያለው መስታወት ላይ አጋደማቸው። የፈለገው የጥቁረታቸውን ልዩነት ለጓደኛው ማሳየት ብቻ ነበር። የሰዓት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለ።

የመብራት ምሰሶው ገጥሟል። የስፌት ቤቱ ጣሪያ ገጥሟል። መስኮቶቹም ልክ ናቸው። ግድግዳው ግን ከታች አንድ ሆኖ ጀምሮ መሐል ላይ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፤ ሆዱን ነፍቷል። ጫፉ ላይ ሲደርስማ በሁለቱ መስመሮች መካከል የፀጉር ያህል ብርሃን ያልፋል። ፀጉር በፊልም ላይ ነው እንጂ እዚያ ማዶ ከአራት ጣት አያንስም፤ ያውም ወደ ስፌት ቤቱ በኩል።

ማጉያውን አውልቆ ለውኃልክ ሰጠው።

ውኃልክ አየ። ቆየ። እንደገና አየ። "ወይ ጉድ" አላለም።

"ካሜራህ ተነቃንቋል" አለ በመጨረሻ።

"ሦስቱን ጉድጓድ የበሳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"እንግዲያው ፊልሙ ሲደርቅ ተኮማትሯል። አሮጌ አይደል?"

"ተኮማትሮ ምሰሶውን ትቶ ግድግዳውን ብቻ?"

ውኃልክ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ከኔ ሌላ ማን አየው?" አለ።

ይህ ጥያቄ ሰዓት ሠሪውን ጨርሶ አልጣመውም። እህቱና ስድስት ሰፊዎች ቀን ቀን የሚውሉት እዚያ ግድግዳ ሥር ነው፤ ከስድስቱ አንዷ የውኃልክ አንድ ልጁ ናት። "ማንም። አሁን ሄደን ለእህቴ እንንገራት" አለ።

"ቆይ እንጂ! ነገ ዝግ ናቸው። ሰኞ በጠዋት ሄጄ አየዋለሁ፣ ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ። ሠላሳ ዓመት የለፋሁበትን ስም በአንድ ቁራጭ ፊልም ገደል ልትከተው ነው? በወንድምነታችን!"

ስለሚወደው አመነው፣ አፉንም ለጎመ። እሁድን ሙሉ ግን ካሜራውንም አልነካው፤ በረንዳው ላይ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ያንን ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ዝናቡ ይዘንባል፤ ከድንጋዮቹ መካከል ግን አንዲት ጠብታ ውኃ አትወጣም። ውኃው ሁሉ ከጀርባው እየተጠራቀመ መሆን አለበት ብሎ አሰበ።

ሰኞ ጠዋት ከሱቁ ሆኖ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ግድግዳውን ሊያይ የወጣ ሰው የለም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

"አንተ፣ ከውኃልክ ጋር ተጣላችሁ እንዴ? ልጁን ከሥራ አስወጣብኝ! ቤት ውስጥ ሥራ አለ ነው የሚለው። ይኸው መቀሷንና ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው። እሱ ውጭ ቆሞ ዝናብ ይደበድበዋል፤ ግባ ብለው እምቢ አለኝ። ምን አደረግኩት?"

ሰዓት ሠሪው ስልኩን እንኳ አልዘጋው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ያን ያህል ተናዶ አያውቅም፤ ያን ያህል ፈርቶም አያውቅም።

ሲደርስ ልጅቷ ወጥታለች። ውኃልክ ቦርሳዋን በትከሻው አንግቶ ከመንገዱ ዳር፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ውኃልክ አቀረቀረ።

"እትዬ፣ ሰዎቹን ሁሉ ይዘሽ ውጪ! ግድግዳው ሊወድቅ ነው" አለ ሰዓት ሠሪው።

እህቱ በሩ ላይ ሆና ወገቧን ያዘች። "ማን ነገረህ? ካሜራህ?" ከውስጥ ሰፊዎቹ ሳቁ። "ይኸው የሠራው ሰውዬ ቆሟል አይደል? አንተ ውኃልክ! ይሄ ግድግዳህ ይወድቃል?"

ውኃልክ ጉሮሮውን ጠረገ። "የኔ ግድግዳ? ምን ሲደረግ!" አለ።

"ሰማህ?" አለች እህቱ፤ ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች።

"እንግዲያው ልጅህ ትግባ" አለ ሰዓት ሠሪው። "ግድግዳህ ደህና ከሆነ ትግባና እንደ ወትሮዋ እስከ ማታ ስትሰፋ ትዋል።"

ውኃልክ የቦርሳውን ማንገቻ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"ጋሼ፣ እኔስ መች መውጣት ፈለግኩ!" አለች ልጅቷ። ቦርሳዋን ከአባቷ ትከሻ ላይ አውርዳ ወደ በሩ ተራመደች። ሁለት እርምጃ ነው የሄደችው። ውኃልክ ዘሎ ክንዷን አፈፍ አደረጋት፤ ቦርሳው ጭቃ ላይ ወደቀ።

"አትገቢም!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

እህቱ ያንን ክንድ የጨበጠ እጅ አየችው። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። "የስፌት መኪኖቹን አጥፉ" አለች ወደ ውስጥ፣ ቀስ ብላ። "ምንም እንዳትይዙ። ውጡ፣ ቶሎ ውጡ።"

አንድ በአንድ ወጡ። አንዷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ አንዷ ባንድ እግር ጫማ፣ አንዷ እርጉዝ ስለሆነች በሰው ተደግፋ። ሰዓት ሠሪው ጓደኛውን ሊጠላው ፈለገ፤ አልቻለም።

ልጅቷ አምስቱንም ጓደኞቿን እስኪያልፉ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ" አለች፣ "እነሱስ?"

ውኃልክ ክንዷን ለቀቀው።