ዱጉማ ሠላሳ ስምንተኛ ክፍል ደረሰ

ተሾመች ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣችው። ስለዚህ ሲስተር ሰርክአዲስ "ደረጃ" ያለችውን ነገር እሷ "ክፍል" ብላ ያዘችው። ሲስተሯ ሁለቴ አረመቻት፤ በሦስተኛው ተወቻት። ተሾመችን አንዴ ከያዘችው ቃል የሚያስለቅቃት ሰው ጭሮ ውስጥ ገና አልተወለደም።

ነገሩ የስልክ ጨዋታ ነው። ባዶ ሰሌዳ ይመጣል፤ ከሥሩ ቁርጥራጭ ቅርጾች ይደረደራሉ፤ በጣት እየጎተቱ ክፍተት እስከማይቀር መግጠም ነው። ሲሞላ ስልኩ ያጨበጭብና ወደሚቀጥለው ያሳልፋል። እስከ አሥር ያለው ላይ የጫጩት ሥዕል አለበት፤ ለሕፃንም ለታማሚም የሚሆን ነው። ከዚያ እስከ ሠላሳ የእናት ዶሮ ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚጫወተው። ከሠላሳ በላይ አውራ ዶሮው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

ሲስተር ሰርክአዲስ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ጨዋታውን የጫነችው ኑኃሚን ትታው በሄደችው አሮጌ ስልክ ላይ ነው። ኑኃሚን በደሳ ከተማ የምታስተምር የተሾመችና የዱጉማ ልጅ ናት።

"ጋሽ ዱጉማ፣ በቀኝዎ ብቻ ነው የሚጎትቱት" አለች ሲስተሯ። "ግራዎ እንዳይረዳዎት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ የደረሱበትን እጽፋለሁ።"

ዱጉማ ሠላሳ ዓመት መናኸሪያው አጠገብ በረንዳ ላይ የሰፋ ሰው ነው። ሌላ ልብስ ሰፊ አይበቃም ብሎ ከሚመልሰው ጨርቅ እሱ የእህትን ቀሚስና የወንድሟን ቁምጣ ያወጣ ነበር። ኅዳር ላይ ስትሮክ መትቶት የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ቀኝ ጎኑ ሞተ። አማርኛውም አብሮት ጠፋ፤ የቀረችው ከልጅነቱ ኦሮምኛ አንዲት ቃል ናት፤ "ዲሲ"፣ ተዪው ማለት ነው። ምግብ ሲያቀርቡለት ዲሲ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩለት እጃቸውን ሲጭኑበትም ዲሲ።

ተሾመች አላለቀሰችም። ሰባት ወር ሙሉ ጠዋት ገበያ ወርዳ ሽንኩርት ሸጠች፤ ከሰዓት ተመልሳ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ አገላበጠችው። ጥርስ ሊነቀል ሲል በመርፌ የሚደነዝዝ ድድ አለ አይደል፤ ምላስ ሲነካው የሌላ ሰው ሥጋ ይመስላል። ውስጧ እንደዚያ ሆኗል። ሰው "አይዞሽ" ሲላት "እሺ" ትላለች፤ ቃሉ ግን የት እንደሚያርፍ አታውቅም።

ዱጉማ ሦስት ክፍል አለፈና አራተኛው ላይ ቆመ። አንዲት ጎባጣ ቁራጭ ነበረች። ጣቱ ይንቀጠቀጥና እቦታዋ ልትደርስ ስትል ታመልጠዋለች። አንድ ሳምንት ሞከረ። ከዚያ ስልኩን ደረቱ ላይ ጥሎ "ዲሲ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እሱ ሲተኛ ስልኩን አነሳችው። ቁራጯን ጎትታ ገጠመቻት። ስልኩ አጨበጨበ።

በእሷ ቤት ይህ ማታለል አይደለም። ተሾመች ያደገችው ቦኬ ነው፤ እዚያ ሰው ሲታመም ማሳው አብሮት አይታመምም። አባቷን ወባ የጣለው ዓመት ጎረቤቱ ጉዛ ወጥቶ ማሽላውን ኮትኩቶለት ሄደ። አባቷ ሲሻለው "ማን አስፈቀደኝ?" አላለም፤ ማሳውን ካለበት ቀጠለ። እሷም ዱጉማ ሲነሳ ካለበት ይቀጥላል ብላ አምስተኛውን ገጠመችለት። ስድስተኛውንም።

በኋላማ ለማን እንደምትገጥም ራሷም ዘነጋችው። ጣቷ ይሠራል፣ እሷ ግን እዚያ የለችም። ጫጩቷ አለቀች። ዶሮዋም አለቀች። ጎረቤቷ ሳህሊቱ አንድ ቀን ድስት ልትዋስ ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

"እህት ተሾመች፣ ጌም ነው የያዝሽው?"

"የዱጉማ መድኃኒት ነው።"

"መድኃኒቱን የምትውጪለት አንቺ ነሽ?"

"ድስቱ እዚያ ነው። ውሰጂ።"

"ጸሎት ላይ እኮ ገና 'አባታችን' ሳይባል ነው የምታንጎላጂው። እዚህ ላይ ዓይንሽ እንደ ፋኖስ በርቷል" አለች ሳህሊቱ፤ ድስቱን ይዛ ወጣች።

ዱጉማ ነቅቶ ስልኩን ሲያነሳ የሚያገኘው አውራ ዶሮውን ነው። ሰሌዳው ሙሉ ስብርባሪ ነው። ለአፍታ ያየውና ያስቀምጠዋል። ደስ ይለዋል ብላ ነበር። እንዳላለው አየች፤ ለምን እንዳላለው ግን አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ሲስተር ሰርክአዲስ መጣች። ስልኩን ከፈተችና ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ሠላሳ ስምንት? ጋሽ ዱጉማ፣ እኔ እንኳ ሃያ ስድስት ላይ ነኝ።"

ዱጉማ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

"እንግዲህ ተገላገልን" አለች ሲስተሯ ወረቀት ከቦርሳዋ እያወጣች። "ሐረር እጅና እግር የሚያሠሩበት ፊዚዮቴራፒ አለ፤ አስተኝተው ስድስት ሳምንት ያሠራሉ። በዚህ ዙር ከእኔ ታማሚዎች አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበሉኝ። የባሰበትን ላኪ ተብያለሁ። ከእርስዎና ከባጃጅ ሾፌሩ ከዓሊዩ ማንን እንደምልክ ጨንቆኝ ነበር። ዓሊዩ ስድስተኛ ላይ ነው። አሁን ለሱ እጽፍለታለሁ፤ እርስዎ በራስዎ ድነዋል።"

እስክሪብቶዋን ከፈተች።

"ድነዋል" የሚል ቃል በዚያ ቤት ከተሰማ ሰባት ወር ሆኖታል። ተሾመች ቃሉን በጆሮዋ ያዘችው። ዝም ብትል ቃሉ ይቆያል፤ የሐረሩ ዕድል ግን ያመልጣቸዋል። ብትናገር ደግሞ የምትናገረው በፊቱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰፋ እጅ የሕፃን ጨዋታ አቃተው ብላ። ዱጉማን አየችው። እሱ ሲስተሯን አይደለም የሚያየው፤ እሷን ነው።

"አላለፈም" አለች ተሾመች።

"ምን አሉኝ?"

"ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።"

"ሠላሳ አራቱን?"

"ጉዛ ወጣሁለት።"

"ምን ወጡለት?"

"በናንተ አገር ወንፈል በይው። ሥራ ያቃተው ሰው ይታገዝ የለ?"

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ዘጋች። ሳቅም ቁጣም አጠገቧ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል። "እትዬ ተሾመች፣ እጅ እኮ በጉዛ አይድንም።"

"አሁን ሰማሁ።"

ሲስተር ሰርክአዲስ የተቆጠረውን ሁሉ አጥፍታ ከአንድ አስጀመረችና ስልኩን ዱጉማ ጭን ላይ አኖረችው። ቀኝ ጣቱ እየተጎተተ ሄደ። አንደኛውን ሞላ። ሁለተኛውን ሞላ። ሦስተኛው ላይ ግንባሩ አላበው፤ ግን ሞላው። አራተኛው ላይ ያች ጎባጣ ቁራጭ መጣች። ሦስት ጊዜ አነሳት፤ ሦስት ጊዜ አመለጠችው።

"ይበቃል፣ ጋሽ ዱጉማ" አለችና ወረቀቱ ላይ የእሱን ስም ጻፈች። "ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሂዱ። ለዓሊዩ የሚቀጥለውን ዙር እጠይቅለታለሁ።"

ተሾመች ወረቀቱን ተቀበለች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። ለዱጉማም ደስታ አልመጣም፤ ለዓሊዩም ሐዘን አልመጣም።

"ደስ አላለዎትም እንዴ?" አለች ሲስተሯ በሩ ላይ ሆና።

"ይለኝ ይሆናል። ሰኞ ይድረስና እናያለን።"

ሲስተሯ ስትሄድ ዱጉማ ስልኩን በግራ እጁ ወደ ተሾመች ገፋው። በአገጩ ቁራጯን አሳያት።

"አልነካም" አለችው።

መልሶ ገፋው።

"ጣቴ ቢቆረጥ አልነካም አልኩህ እኮ።"

አፈጠጠባት። ይህን ዓይን ታውቀዋለች፤ ሱሪውን ለነገ አድርስልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ የሚያሳየው ዓይን ነው። ከኅዳር ወዲህ አላየችውም። ይቆጣ አለች በልቧ። ዱጉማ ስልኩን ስቦ የቀኝ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ ጫነ።

ተሾመች በረንዳ ወጥታ የሽንኩርት ከረጢቱን ፈታች። የበቀለውን ለብቻ፣ የበሰበሰውን ለብቻ ታወጣ ጀመር። ከቤት ውስጥ የጭብጨባ ድምፅ አልተሰማም። ከረጢቱ ተጋመሰ፤ አልተሰማም። አንድ ጊዜ ከወገቧ ቀና አለች፤ ወደ በሩ አየች፤ ተመልሳ ጎንበስ አለች።