የሦስት ቀን ቀሚስ

የልብስ መደብሩ ሠራተኞች «አፍንጮ» ይሏታል። እንዲያው ለስድብ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሥራዋ ነው። ደንበኛ የገዛውን ልብስ ሳይለብስ፣ ከነዋጋ ወረቀቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከመለሰ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ አለመለበሱን የምታረጋግጠው ደግሞ እሷ ናት። ልብሱን ትገለብጥና ብብቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ አንዴ ሳብ ታደርጋለች። በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ።

«እህቴ፣ ይሄ ቀሚስ ሲጨፍር ነው ያደረው» ትላለች ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርጋ።

«ኧረ በፍጹም! ለልጄ ጠበባት እኮ ነው…»

«ልጅሽን ጠቧት ይሆናል፤ ላቧ ግን ልክክ ብሎ ገብቶበታል።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይስቃል፣ ሴትዮዋ ኩምሽሽ ብላ ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ ትወጣለች። አፍንጮ እንዲህ ዓይነቶቹን «የአንድ ቀን ለባሾች» ትላቸዋለች። ሌባ ሺህ ጊዜ ይሻላታል። ሌባ መቼም ሌባ ነኝ ብሎ ነው የሚገባው፤ እነዚህ ግን ሌላውን ሁሉ ደደብ አድርገው፣ በሰው ልብስ አምረው፣ ፎቶ ተነስተው፣ በማግስቱ «አልተስማማኝም» ይላሉ። ቱ! የሌለው ሰው እንደሌለው ሆኖ ቢኖር ምን ይለዋል?

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ብጣሽ ወረቀት ይዛ የመጣችባት። ክፍሉ ትያትር ያሳያል። ልጅቷ ንግሥት ናት። የትያትሩን ልብስ ወላጅ ያቀርባል፤ እስከ ሐሙስ ልብስ ያላመጣ ልጅ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«በየራሳችሁ ወጪ ንገሡ ነው የሚሉት?» አለች እናት ወረቀቱን ገልብጣ እያየች። «ወይ አስተማሪ! እሷ ብሎ አዘጋጅ!»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «የባለ ፋርማሲው ልጅ ቀሚስ ተገዝቶላታል፣ እማዬ። እኔ ካላመጣሁ እሷ ናት የምትገባው።»

ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እንኳ እጇን የማታወጣ ዝምተኛ ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ ግን መታጠቢያ ቤቱን ዘግታ የንግሥቲቱን ቃል ስትናገር ከርማለች። መጨረሻው ላይ እስረኛው ይንበረከካል፣ ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ትነሳለች፣ «ምሬሃለሁ!» ብላ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች፤ ወታደሮቹም እጇን ሲያዩ ገመዱን ይፈቱለታል። በሩን ስትከፍት ፊቷ ቀልቶ፣ ቁመቷ የጨመረ ይመስላል። እናቷ ይሄን አይታለች፤ ቦታው ለዚያች ለባለ ፋርማሲው ልጅ ሲሄድ ማየት አልፈለገችም።

እና ፍለጋ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሱቅ ክንፍ፣ ዘውድና የተረት ቀሚስ ግድግዳ ሙሉ ሰቅሏል፤ ሁሉም ግን እስከ ስምንት ዓመት ነው።

«ትልልቆቹ ይሄን ነገር አይፈልጉትም» አላቸው ሻጩ።

«ጠይቀሃቸው ነው? ወይስ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው በአንዴ ያገባሉ?»

ቀጥሎ ያለው ቤት ትያትረኞች የሚከራዩበት ነው፤ የአንድ ቀን ኪራዩ የእነሱን የወር የቤት ኪራይ ያክላል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ አምጥተው ሁለት ሳምንት እንዲጠብቁ ነገራቸው፣ ያውም ቀና ብሎ ሳያያቸው። ሰልባጅ ተራ ከክምሩ ሥር አንድ ረጅም ቀሚስ ጎትተው አወጡ፤ ዚፑ የለም፣ ጀርባው ላይ በካውያ የተቃጠለ ቦታ አለ።

«ይሄ እንኳ ለንግሥት ነው» አለ ሻጩ ሳያፍር።

«ንግሥቲቱን አቃጥለው ነው እንዴ ያወረዷት?» አለችና የልጇን እጅ ጎትታ ሄደች። ከተማው ሁሉ ለሕፃንና ለሙሽራ ይሰፋል፤ መሀል ላይ ላለ ልጅ ግን ማንም ግድ የለውም!

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ውሃ ሰማያዊ የሳቲን ቀሚስ በክንዷ ይዛ ወጣች። ከራሷ መደብር፣ በራሷ ገንዘብ፣ ለቤት ኪራይ ባስቀመጠችው። ሦስት ቀን አላት። የዋጋ ወረቀቱን አልቆረጠችም፤ በመርፌ ቁልፍ ወደ ውስጥ አስያዘችው።

«ስሚ» አለቻት ልጇን ወንበር ላይ አቁማ ጫፉን እያየች። «አትቀመጪ። ግድግዳ አትደገፊ። ውሃም ቢሆን አትጠጪ። ከሁሉ በላይ እጅሽን ከጎንሽ አትለዪ። ሳቲን ላብ ከያዘ አይለቅም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ለመደብሩ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«መጨረሻው ላይ እጄን የማነሳበትስ?»

«አታንሺው። ማን ልብ ይለዋል? ለትምህርት ቤት ትያትር!»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ወበቁ አይጣል ነው። አፍንጮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም በዓይኗ ገልብጣ አየች። የወታደሮቹ ጋሻ የካርቶን፣ የአማካሪው ካባ የመጋረጃ፤ የባለ ፋርማሲው ልጅ ከነአዲስ ቀሚሷ ገረድ ሆና ተገትራለች። እሰይ! የእሷ ንግሥት ብቻ ናት እውነተኛ ንግሥት የምትመስለው። ድምጿም ያምራል፤ ይሄ ሁሉ ድምፅ የት ተደብቆ ነበር?

መጨረሻው ደረሰ። እጆቹ በገመድ የተጠፈሩት ወፍራም ልጅ ተንበረከከ። ንግሥቲቱ ተነሳች። «ምሬሃለሁ!» አለች። ክንዶቿ ግን ከጎኗ አልተላቀቁም።

ወታደሮቹ ጠበቁ። እስረኛው አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየ። «እጅሽን!» አለች አስተማሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ። ልጅቷ እንደ ጅብራ ተገትራ ቀረች። ከኋላ ሳቅ ተነሳ፤ አንዱ ጎረምሳ «ንግሥቲቱ ደረቀች!» አለ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሦስተኛውን ረድፍ ታያለች፤ ዓይኗ እናቷ ላይ ተተክሏል።

እናት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስንቷን እናት በልጇ ብብት እንዳዋረደች ታውቃለች። አሁን ግን ንቀቱ ሁሉ ዞሮ ራሷ ላይ ወረደ። ምን ዓይነት ጉድ ነኝ? ንግሥት ነሽ ብዬ አለበስኳት፣ በዚያው አፌ የልብስ መስቀያ አደረግኳት!

ብድግ አለች። «አንሺው! ልጄ፣ እጅሽን አንሺው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ቀሚሱስ?» አለች ንግሥቲቱ ከመድረክ፣ አዳራሹ እየሰማ።

የሚስቀው ሳቀ። እናት ፊቷ ፍም መሰለ፤ ግን አልተቀመጠችም። «ቀሚሱ ያንቺ ነው! አንመልሰውም!»

ልጅቷ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፣ እስከ ጣቶቿ ጫፍ። ሳቲኑ ሁለቱም ብብት ላይ ጥቁር ሆኖ ርሷል፤ ከመጨረሻው ረድፍ እንኳ ይታያል። «ምሬሃለሁ!» አለች እንደገና፣ ከፊተኛው በሚበልጥ ድምፅ። ወታደሮቹ እስረኛው ላይ ተረባረቡ። ቋጠሮው አልፈታ ብሎ አንዱ በጥርሱ ያዘው። ንግሥቲቱ ገመዱ እስኪፈታ ድረስ እጇን አላወረደችም።