የእማማ ንፉ እጆች

ልጆቹ «እማማ ንፉ» የሚል ስም አወጡላቸው። ምን ይፈረድባቸዋል! ሴትዮዋ ከሆስፒታል የትንፋሽ ጉልበት መለኪያ መሣሪያቸውን ይዘው ከመጡ ወዲህ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚሰማው «ንፋ! ንፊ! በርታ! አይዞሽ!» ብቻ ነው። የታመመ ልጅ የመተንፈሻ ጡንቻው ምን ያህል እንደደከመ የሚታወቀው የጤነኛው ጉልበት ሲታወቅ ነውና፣ ወላጅ የፈቀደለትን ጤነኛ ልጅ ሁሉ ይለካሉ።

አፍንጫ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ልጁ ቱቦውን በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል። ጉንጭ ካበጠ ልኬቱ ስለሚበላሽ፣ እማማ ንፉ ከኋላ ቆመው ጉንጮቹን በመዳፋቸው ደገፍ ያደርጋሉ። ከዚያ በፊት ግን እጃቸውን አሽተው ያሞቃሉ። ድሮ አንድ ልጃቸውን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱ የያዛቸው ልማድ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ አያናግራቸውም። «ይህችን ካገባህ እናት የለኝም በል» ብለውት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱም ቃላቸውን አከበረ። የልጅ ልጃቸውን የሚያውቋት በእህታቸው ስልክ ላይ ባለ ፎቶ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት እንደምትማር ሲሰሙ «እኔ ልሂድ» ብለው ከሁሉ ቀደሙ። አባቷ ማን እንደሚለካት ቢያውቅ እንደማይፈቅድ እርግጠኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ቢነኳት ይበቃቸው ነበር፤ እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

ተራዋ ደረሰ። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ግንባሯ ቁርጥ የአባቷ ነው። እማማ ንፉ እጃቸውን አሹ፣ አሞቁ፣ ጉንጮቿን ያዙ።

«ንፊ የኔ እመቤት!»

ነፋች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። የሦስቱም ልኬት ቁጥሮች ተቀራረቡ፤ ሥራው አለቀ። እጃቸው ግን አልላቀቅ አለ።

«አንዴ ብቻ ድገሚልኝ» አሉ። ደገመች። «እስቲ አሁንም...»

ልጅቷ ቱቦውን ከአፏ አወጣች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሌሎቹ እኮ ሦስቴ ነው የነፉት። እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ?»

እማማ ንፉ ክው አሉ። ናፍቆታቸው ጤነኛዋን ልጅ በሽተኛ ሊያደርጋት ነው።

«ጠላትሽ ይታመም! ከእኩዮችሽ ሁሉ ትበልጫለሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።» መቆንጠጫውን አወለቁላት። ከዚያ እጃቸውን ከጉንጮቿ ላይ አነሱ፤ እንዲህ ከብዷቸው አያውቅም። «በይ ሂጂ ልጄ። ሳትፈሪ ነው የነፋሽው፤ ጎበዝ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ፈገግ አለች። «ለምን እፈራለሁ? አባዬ ጠዋት ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«‹አትፍሪ፣ እጇን አሙቃ ነው የምትይዝሽ› ብሎኛል።»

ብላ እየዘለለች ወጣች።

ቀጣዩ ልጅ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። አፍንጫውን ራሱ ቆነጠጠ፤ ቱቦውን ጎረሰ፤ ጠበቀ፣ ጠበቀ። በመጨረሻ ዞር ብሎ አያቸው።

«እማማ፣ ንፋ አይሉኝም?»