ከቃለ መጠይቁ የወጣው ፊራኦል

ሊሊሴ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የምትኖረው ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ድርቤ ጋር ነው። ተማሪዎቿ ይወዷታል፤ እሷም ትወዳቸዋለች። ግን ስለ ሒሳብ እንደ ልቧ የምታወራው ሰው ካጣች ቆይታለች።

ድሮ ነበራት። ዩኒቨርሲቲ እያሉ እሷና ፊራኦል አንድ ጥያቄ ከያዙ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ እንኳ ደጅ ቆመው ይጨርሱታል። እሱ ቀመር ይደረድራል፤ እሷ ሥዕል ትሥላለች። ከዚያ ማን ቀድሞ ደረሰ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ስለ ፍቅር አንድም ቀን በግልጽ አልተነጋገሩም። ሊነጋገሩ በተቃረቡበት ሰሞን እሱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ውጭ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወለጋ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ የእሱ ቁጥር አልሠራም።

"ከፈለገ እሱ ይፈልገኝ" አለች ሊሊሴ። አልፈለጋትም።

አንድ ቀን አብራቸው የተማረች ሶረቲ ገበያ ውስጥ አገኘቻት። "ፊራኦል እኮ ለንደን ነው" አለቻት። "የአክሲዮን ዋጋ ሽቅብ ቁልቁል ሲል በሒሳብ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ አይደል? ኳንት የሚሏቸው? እሱን ሆኗል።" የት ድርጅት እንደሚሠራ ግን አታውቅም።

ሊሊሴ ቤት ገብታ ስለ ሥራው ማንበብ ጀመረች። ንባቡ ጥናት ሆነ፤ ጥናቱም ማመልከት አስጀመራት። ሥራውን ፈልጋ ይሁን ሰውየውን፣ ራሷም አልለየችውም። አብዛኞቹ ድርጅቶች መልስ አልሰጧትም። አንድ የለንደን ድርጅት ግን የጽሑፍ ፈተና ፈትኗት፣ አልፈሻል፣ በቪዲዮ እንጠይቅሽ አላት።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ተረፋ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ ብለው፣ የኮምፒውተሩን ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ከፈቱላት። እናቷ እስከ በር ሸኘቻት። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋቃዮ ይቅደምልሽ።"

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። አንዷ ጸጉሯ የሸበተ እንግሊዛዊት ናት፤ ሔለን እባላለሁ አለች። ሁለተኛው ፊራኦል ነበር። ጺም አውጥቷል፤ ከስቷል። ሊሊሴ ክው ብላ ቀረች። እሱ ግን የተደነቀ አይመስልም፤ ዝም ብሎ ያያታል፣ ያያታል። ከዚያ ወደ ሔለን ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ "ይቅርታ፣ አመልካቿን በቅርብ አውቃታለሁ። እኔ ልፈትናት አይገባም፤ ልውጣ" አለ። ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ "ጀባዹ" አላት፤ በርቺ ማለቱ ነው። ምስሉ ጠፋ።

ሔለን ትንሽ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ፈተናውን ጀመረች። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ቦታ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። እያንዳንዱ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ የደረሰው ሩብ ሰዓት ጠብቆ ይሄዳል። የመገናኘት ዕድላቸው ምን ያህል ነው?

ሊሊሴ ወረቀት ላይ ካሬ ሣለች። በአንዱ ጎን የአንዱን ሰዓት፣ በሌላው የሌላውን አድርጋ፣ የሚገናኙበትን ክፍል አጠቆረች። "ከአሥራ ስድስት እጅ ሰባቱ" አለች። ከግማሽ ያንሳል። ሔለን ሥዕሉን አሳዪኝ ብላ ፈገግ አለች። ቀጥላም ጠየቀቻት፤ አንደኛው ሰዓቱ እስኪያልቅ ቢጠብቅ፣ ሌላው ግን ደርሶ ካጣው ወዲያው ቢሄድስ?

መልሱ ግልጽ ነው፤ ግማሽ። ለሊሊሴ ግን የምትጠብቀው እሷ፣ የሚሄደው ፊራኦል ሆነው ታዩዋት። ሔለን እስክትደግምላት ድረስ ያንን ካሬ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ በኋላ የመጡትን ጥያቄዎች አንዳንዱን መለሰች፤ አንዳንዱ ግን ተምታታባት።

አመሻሽ ላይ ስልኳ ጠራ። የውጭ ቁጥር ነው።

"አካም ጅርታ፣ ሊሊሴ?"

"ደኅና ነኝ" አለች በአማርኛ፤ ለምን በአማርኛ እንደመለሰችለት አላወቀችም። "እኔ መሆኔን ያወቅከው መቼ ነው?"

"ማመልከቻሽን ካየሁ ሰንብቷል። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ግን ብናገር ኖሮ ቃለ መጠይቁ ላይ አያስገቡኝም ነበር። አንዴ ላይሽ ፈለግሁ።"

"አይተህ ወጣህ።"

"ባልወጣ ማለፍሽ የእኔ ሥራ ይመስል ነበር።"

"እሱን አላልኩም" አለች። "ያን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?"

መጀመሪያ መስመሩ ተዘጋ፤ ሲከፈት ስለዘገየሁ አፈርኩ፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ አግብተሽ ይሆናል ብዬ ፈራሁ አላት። ሊሊሴ ተቆጣች፤ ግን ስልኩን አልዘጋችም። ድምፁ እንዳይርቅባት በሁለት እጇ ይዛው ቆየች። በመጨረሻ "ለገና ፈቃድ አለኝ። ልምጣ?" አላት። መልስ ሳትሰጠው መስመሩ ተቋረጠ።

በሳምንቱ የድርጅቱ መልስ መጣ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ሔለን በራሷ ስም በሚቀጥለው ዓመት ደግመሽ አመልክቺ የሚል ጨምራለች። ሊሊሴ አለቀሰች። ያስለቀሳት ሥራው ብቻ አልነበረም። ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ሰው ካሬዋን አይቶ ገብቶት ነበር፤ ያ ሰዓት አምሯት ቀረ።

እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። "እሱ የደወለልሽ ልጅ ምን አለሽ?"

"ልምጣ ወይ አለኝ፣ ሃርሜ፣ እናቴ።"

"አንቺስ?"

ሊሊሴ ስልኳን አንሥታ "ኮቱ" ብላ ጻፈች፤ ና ማለት ነው። ኔትወርኩ ደካማ ነበርና መልእክቱ አልሄድ አለ። ደጅ ወጥታ፣ የጎረቤቶቿን ዓይን ሳትፈራ፣ ስልኩን ከፍ አድርጋ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለች። መልእክቱ ሲሄድላት ጊዜ መልሱን ልትጠብቅ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጠች።