የሠላሳ ቀን ቪዛ

ምስማር የእንግዶቹን ዘጠኝ ፓስፖርት የመኪናው ኮፈን ላይ ደርድራ የሆቴሉን ቅጽ እየሞላች ሳለ እጇ ቀጥ አለ። የካሜራ ባለሙያውን ቪዛ ደግማ አየችው። የቀጣዩንም ገለጠች። የሁሉም የሚያበቃው ነገ ነው።

«ምነው፣ እባብ አየሽ እንዴ?» አላት ታላቅ ወንድሟ ከመሪው ጀርባ ሆኖ። የፊልም ቡድኑ ሾፌር ነው፤ ሥራውን ያስገኘችለትም እሷው ናት።

«ወንድምጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

የምስማር ሥራ ከውጭ ለሚመጡ ፊልም ሠሪዎች ቪዛና የቀረጻ ፈቃድ ማውጣት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሙያ ጓደኞቿ ናቸው፤ አንዴ ከተተከለችበት አትነቀልም ለማለት ነው። እሷም ስሙ ደስ ይላታል። ታዲያ ይህቺው ምስማር ሠላሳውን ቀን የቆጠረችው እንግዶቹ ከአውሮፕላን ከወረዱበት ዕለት ጀምሮ ነበር። ቪዛው ግን የሚቆጠረው ከተሰጠበት ቀን ነው። እንግዶቹ ደግሞ መሣሪያቸው ዘግይቶባቸው ቪዛውን ከያዙ ከአራት ቀን በኋላ ነው የመጡት። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ምስማር ራሷ ስንቱን ጀማሪ በዚህ ስታሾፍበት ኖራለች።

ነገ ሻንጣቸውን ይዘው እንዳይሄዱ፣ የፊልሙ ዋና ትዕይንት የሚቀረጸው ከነገ ወዲያ በባቡር ድልድዩ ላይ ነው። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ሰዓት ባቡር እንዲያቆምላቸው ምስማር ስድስት ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠንታለች። ደብዳቤው የወጣ ቀን እንደ ተመራቂ ይዛው ፎቶ ተነሳች። እናቷ ያንን ፎቶ ለጎረቤት እያሳዩ «የኔ ልጅ እኮ ባቡር ታስቆማለች!» ሲሉ ሰነበቱ።

ዳይሬክተሯ ነገሩን ስትሰማ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ሁለት ቀን ለማይሞላ ነገር? ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«የድልድዩ ጠባቂ ፓስፖርት አይጠይቅም።»

«አይጠይቅ። እኔ ያመጣሁት ቡድን ግን ተደብቆ አይቀርጽም። እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ይህን ለእኔ ተዉት።»

ፓስፖርቶቹን ሰብስባ መኪናው ውስጥ ገባች። ወንድሟ በየመንገዱ ጡሩንባ እየነፋ ቪዛ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አደረሳት።

አዳራሹ እንደወትሮው ጢም ብሏል። ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዱ ሰውዬ ፎቶው ትንሽ ነው ተብሎ ከመስታወቱ ጋር ይጨቃጨቃል። አንደኛ መስኮት ጋ ግን ማንም የለም። ያ መስኮት ፋይላቸው ላይ ጥፋት ያልተመዘገበባቸው ጉዳይ አስፈጻሚዎች ብቻ የሚስተናገዱበት ነው፤ በከተማው ውስጥ አራት ናቸው። ምስማር ሰልፈኛውን አልፋ ወደዚያ ስትሄድ አንገቷ ትንሽ ቀና እንደሚል ራሷም ታውቃለች። ለምን ቀና አይል? አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ አንዲት ነጥብ አልተያዘባትም። ዛሬ ግን ቀና አላለም።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ፓስፖርቶቹን አገላብጠው ቀና አሉ።

«ይህንን አንቺ ነሽ ያመጣሽው? አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼስ የባቡሩ ደብዳቤ አለሽ፣ አምስት ቀን እጨምርላቸዋለሁ። ምክንያቱ ግን እዚህ ጋ መጻፍ አለበት።» ጣታቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፤ እንግዶቹ ቀናቸውን ሳይከታተሉ ቀሩ ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ። ከዚህ መስኮት የሚያነሳሽ የለም።»

«እነሱስ?»

«ፋይላቸው ላይ ይሰፍራል። ሌላ ጊዜ ቪዛ ሲጠይቁ ትንሽ ይጉላላሉ። አንቺ ምን አገባሽ?»

«የእኔ ጥፋት ነው ብዬ ብጽፍስ?»

«አንድ ዓመት እዚህ መስኮት አትስተናገጂም፤ እንደ ሰው ሁሉ በሰልፍ ነው። እኔ እንኳ ላስቀርልሽ አልችልም።»

ምስማር እስክሪብቶውን አነሳች። አፈረች። ነገ ከነገ ወዲያ እነዚያ ያሾፈችባቸው ጀማሪዎች ሰልፍ ላይ ሲያገኟት ታያት። እንግዶቹ እንደሆኑ ምንም አይሰሙም፤ ቅጹ ላይ የተጻፈውን የሚያነብላቸውም የለም። ብትጽፈው ማንም አይወቅሳትም። ግን የባቡሩን ደብዳቤ የኔ ሥራ ነው እያለች ለአገር ምድሩ ስታሳይ ከርማ፣ የተበላሸውን ቆጠራ የእነሱ ነው ልትል ነው? ነገሩ አስጠላት። ጎንበስ ብላ በትልልቁ ጻፈች፦ «ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንግዶቹ ጥፋት የለባቸውም።» ሙሉ ስሟን አስፍራ ፈረመች።

ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡት።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ብሎ የጻፈ ጉዳይ አስፈጻሚ አላየሁም።»

«ይኸው አዩ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ፓስፖርቶቹን ነገ ጠዋት ውሰጂ። ግን…» ብለው በአገጫቸው ወደ አግዳሚ ወንበሮቹ አመለከቷት።

«ገባኝ» አለች።

ወንድሟ የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቃት። ምስማር ሁሉንም ነገረችው። መሪውን ደባበሰ።

«ለእማዬ ምን ልንላት ነው?»

«እንደሆነው። እኔው እነግራታለሁ፣ ዛሬውኑ።»

«አይ አንቺ! እሺ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ? መሥሪያ ቤቱ እንደሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚከፍተው።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ና» አለችው ቀበቶዋን እያሰረች። «ሰልፍ ከሆነም አንደኛ ነው የምቆመው።»